የዕቃ ዲዛይን ከኑሮ፣ ከጠባይና ከውበት ጋር ያለው ዝምድና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ከተማ ውስጥ ላሜራ እየቆረጥኩና ቱቦላሬ እየበየድኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። በር፣ መደርደሪያ፣ አልጋ ወይም ምድጃ ለማሠራት ወደ ወርክሾፓችን የሚመጡ ደንበኞችም ሆኑ ከኮምቦልቻ ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን እየደጋገሙ ያነሣሉ። ሁልጊዜ በቃል ከመመለስ በጽሑፍ ማስቀመጥ የተሻለ ስለመሰለኝ ከዚህ በታች ሰብስቤያቸዋለሁ።

ዲዛይን ማለት ጌጥ ማለት አይደለምን?

በእኛ አነጋገር «ዲዛይኑ ያምራል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ቀሚስ ጥልፍ፣ በር ላይ ስለተበየደ የብረት አበባ ወይም ስለ ሶፋ ጨርቅ በመሆኑ ጥያቄው አያስገርምም። በሙያው ትርጉም ግን ዲዛይን ከጌጡ በፊት የሚወሰነውን ሁሉ ይጨምራል፤ ዕቃው ምን ያህል ይከብዳል፣ በየት በኩል ይያዛል፣ የሚያነሣው ማን ነው፣ ሲቆሽሽ እንዴት ይታጠባል፣ ሲሰበር በምን ይፈታል የሚሉት ሁሉ የዲዛይን ጥያቄዎች ናቸው። አንድም አበባ ያልተበየደበት በር ዲዛይን አለው። ሠሪው አስቦበት ባይወስን እንኳ የብረቱ ርዝመት፣ የእጀታው ቦታና የማጠፊያው አቅጣጫ ተወስነው ከእጁ መውጣታቸው አይቀርም።

ሕይወት የሌለው ዕቃ የሰውን ጠባይ እንዴት ሊመራ ይችላል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ጊብሰን በዙሪያችን ያለ ነገር ሁሉ ለሚያየው ፍጡር ምን ሊደረግበት እንደሚችል ያመለክታል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የዲዛይን ተመራማሪው ዶናልድ ኖርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ዕቃ ዲዛይን አመጣው። ባለሙያዎቹ «አፎርዳንስ» ይሉታል። እኔ ለተለማማጆቼ ሳስረዳ «ዕቃው ለእጅ የሚነግረው ነገር» እላቸዋለሁ፤ በርጩማ «ተቀመጥብኝ» ይላል፣ የጆግ ጆሮ «በዚህ በኩል ያዘኝ» ይላል፣ ይህንንም ለመስማት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ጥፋቴ ነው። የወርክሾፓችን በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ሆኖ ሳለ ከውጭ በኩል እንደ ቀስት የጎበጠ ጥሩ እጀታ ገጥሜለት ስለነበር፣ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ጨብጦ ወደ ራሱ ይስበው ነበር። በቀይ ቀለም «ግፋ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ሰው ግን ጽሑፉን እያየ መሳቡን አላቆመም። በመጨረሻ እጀታውን በፍሌክሲብል ቆርጬ በቦታው መዳፍ የሚያክል ዝርግ ላሜራ አሰርኩበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሳበው ሰው አላየሁም፣ ጽሑፉም ደብዝዞ ጠፍቷል። የሚጨበጥ ነገር ይሳባል፣ ዝርግ ነገር ይገፋል፤ እጅ የሚያውቀው ይህን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ከባድ ምሳሌ በብዙ ቤቶች አለ። በረኪናን ወይም ነጭ ጋዝን በባዶ ሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ሃይላንዱ ግን ከሕፃኑ ጋር ሲነጋገር የኖረው ስለ ውኃ ነው፤ ቅርጹ፣ ክዳኑና በውስጡ የሚታየው ጥርት ያለ ፈሳሽ ሁሉ «ጠጣኝ» ይሉታል። ልጁን መቆጣት ይህን አይለውጠውም። መፍትሔው መርዛማ ፈሳሽን በሚጠጣ ነገር ዕቃ አለማስቀመጥ፣ ማስቀመጫውንም ልጅ በማይደርስበት ስፍራ ማድረግ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ለሕፃናት አደገኛ የሆኑ የቤት ውስጥ ኬሚካሎችና መድኃኒቶች ሕፃን በቀላሉ በማይከፍተው ክዳን እንዲታሸጉ መደረግ ጀመረ። እየተጫኑ የሚያዞሩት ክዳን የሚሠራው ሁለት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው፤ ይህ ለአዋቂ ቀላል ሲሆን ለትንሽ ልጅ ግን ይከብዳል።

ታዲያ ሰው በተሳሳተ ቁጥር ጥፋቱ የዕቃው ነው ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ይሆናል፤ አሥር ሰው እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ስህተት ከሠራ ግን መመርመር ያለበት ዕቃው ነው።

የቤት ዕቃ ዲዛይን ጤናን በእርግጥ ይለውጣል?

ከምድጃ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል፤ የብክለቱም ዋና ምንጭ በማገዶ፣ በከሰል፣ በኩበትና በነጭ ጋዝ ማብሰል ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ስለ ወጡ ጣዕም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ አብሳይዋ ዓይንና ሳንባ ግን ምንም አይናገርም። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ከሲሚንቶና ከተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ግን እሳቱን በዙሪያው ዘግቶ ወደ ምጣዱ ስለሚልክ፣ በአግባቡ ሲሠራበት ከጉልቻ አንጻር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የሚነደው ማገዶ ሲያንስ የሚታጠነው ጢስም ያንሳል።

ይሁን እንጂ ምድጃውን ማደል ብቻ በቂ እንዳልሆነ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀትን አፍኖ የሚይዝ ምድጃ እፎይታ ነው፤ ማእድ ቤቱ አይግልም። በደሴ ግን፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚያድርበት ወቅት፣ ቤተሰቡ ወደ ጉልቻው የሚጠጋው እንጀራ ለመብላት ብቻ አይደለም፤ እግሩን ሊያሞቅ፣ እርጥብ ነጠላ ሊያደርቅ፣ በወላፈኑ ብርሃን ሊጨዋወት ነው። ቆጣቢው ምድጃ እነዚህን አገልግሎቶች ሲወስድ የተካው ነገር ከሌለ፣ እመቤቲቱ ጥግ አስቀምጣው ወደ ጉልቻዋ ብትመለስ አልፈርድባትም። ዲዛይነሩ ሊጠይቅ የሚገባው ዕቃው ምን ይሠራል የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ የሚተካው ዕቃ ሳይነገርለት ምን ምን ይሠራ ነበር የሚለውንም ነው።

ሁላችንም የምንጠቀምበት፣ ግን ማንም ልብ የማይለው ዕቃ የትኛው ነው?

ቢጫው ጀሪካን ነው። ስለዚህ ዕቃ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይታገሠኝ።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። «ጄሪ» የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመናውያንን የሚጠሩበት ቅጽል ስም ሲሆን፣ ጀሪካን ማለትም የጀርመኖች ቆርቆሮ ማለት ነው። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ያሠራው 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ጀሪካን በጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት እጀታዎች ነበሩት። ሙሉውን አንድ ሰው ሲሸከም መካከለኛውን ይይዛል፤ ሁለት ሰዎች ሲያነሡት ግራና ቀኙን ይካፈላሉ፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሁለት ጀሪካኖች የዳር እጀታዎች ገጥመው በአንድ እጅ ሁለቱን ማንሣት ይቻላል። በእጀታው አጠገብ ያለው እብጠት አየር ስለሚይዝ ነዳጅ የተሞላው ጀሪካን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በአፉ በኩል ያለው የአየር መተንፈሻም ሲቀዳ እንዳያንቀው ያደርጋል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች የጠላታቸውን ዕቃ የቀዱት በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ወደ ቤታችን የገባው ቢጫ ፕላስቲክ ከዚህ ሁሉ የወረሰው ስሙንና 20 ሊትሩን ነው። እጀታው አንድና ቀጭን ነው፤ የመጣውም ዘይት ይዞ በመኪና ተጭኖ ከሱቅ እንዲቀመጥ እንጂ፣ ከቧንቧ እስከ ዳገት አናት በሰው ጀርባ እንዲጓዝ ታስቦ አይደለም። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ደሴ ውስጥ ውኃ በተቋረጠ ጊዜ በገመድ አዝላው ዳገት የምትወጣን ልጃገረድ ትከሻ ያየ ሰው የገመዱን መስመር ያውቀዋል። ጫና ክብደትን በሚያርፍበት ስፋት በማካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ገመድ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ማንገቻ መተካት ብቻ በትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫና ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል፤ ክብደቱ ግን አንድ ግራም አልቀነሰም። ለእጀታውም ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የተቆረጠ ላስቲክ መጠምጠም ይበቃል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚጠይቁት ወጪ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙ አይበልጥም፤ እንዲያም ሆኖ በስንት ቤት እንደተሠሩ አንባቢ የራሱን ጀሪካን አይቶ ይመልስ።

ውበትስ? ዕቃው ከሠራ አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ1995 ማሳኪ ኩሮሱና ካኦሪ ካሺሙራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች 26 ዓይነት የገንዘብ ማውጫ ማሽን ገጽታዎችን አዘጋጅተው ለ252 ሰዎች አሳዩ። ቁልፎቹ ተመሳሳይ ቢሆኑም አደራደራቸው ይለያይ ነበር፤ ሰዎቹም ውብ ሆኖ የታያቸውን ለአጠቃቀምም ቀላል ነው ብለው ገመቱ። ኖአም ትራክቲንስኪ የተባለ እስራኤላዊ ተመራማሪ ይህ በአገሩ አይሠራም ብሎ ሲጠራጠር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ዝምድናው ከጃፓኑም የጠነከረ ሆኖ አገኘው። ዓይንን ደስ ያሰኘ ዕቃ ትንሽ ሲያስቸግር እንታገሠዋለን፤ ያስጠላንን ግን በመጀመሪያዋ እንቅፋት እንወረውረዋለን። ጥናቶቹ የለኩት የሰዎቹን ግምት መሆኑን ግን መርሳት አይገባም። ውብ ሆኖ የሚያስቸግር ዕቃ ሞልቷል፤ የእኔ የተቆረጠ እጀታም እጅግ ያምር ነበር።

ውበትና አገልግሎት አንድ ላይ የሆኑበትን ዕቃ ለማየት የወሎ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጀበናን እንመልከት። ሆዱ ድቡልቡል በመሆኑ ፍሙ መካከል ገብቶ ሙቀቱን ከየአቅጣጫው ይቀበላል፤ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ጎንበስ ሲል አተላው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ሸክላው ከመተኮሱ በፊት በለስላሳ ድንጋይ ስለሚታሽ ቆዳው ያብረቀርቃል። ድቡልቡል ነገር መሬት ላይ አይቆምምና ከሣር የተጠቀለለው ማቶት ተፈጠረለት፤ ማቶቱም የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ከሙቀት ይጠብቃል። አንዱ ጉድለት ሌላውን ዕቃ ወለደ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ጉድለቱን የሚያስታውስ የለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ስኒው ነው። ትንሽና ጆሮ የሌለው፣ እስከ አፉ የሚሞላ ዕቃ ለምን ተመረጠ? ትንሽ በመሆኑ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል፤ ስለሚያልቅም መድገም ያስፈልጋል፤ ስለሚደገምም ጎረቤት አቦልን ጠጥቶ ቶናን ይጠብቃል፣ ከቶና በኋላም በረካን ሳይጠጣ መነሣት ያሳፍረዋል። ዕጣኑ እየጨሰ፣ ትልቅ ሰው ዱዓ እያደረገ፣ የታመመ እየተጠየቀና የተጣላ እየታረቀ የሚሄደው ያ ሰዓት ሁሉ በስኒው መጠን ላይ የቆመ ነው። ቡናው በትልቅ ኩባያ ቢቀርብ ኖሮ እንግዳው አንዴ ጠጥቶ በሄደ ነበር። የስኒውን ልክ የወሰነው ሸክላ ሠሪ ይህን ሁሉ አስቦ ነበር አልልም፤ ልኩ ግን ይህን ሁሉ እያሠራ ነው።

አዲስ ዲዛይን ስናወጣ ሰው ለምን ይሸሸዋል?

ትውልደ ፈረንሳዊው አሜሪካዊ ዲዛይነር ሬይመንድ ሎዊ ሰው አዲስነትን እንደሚወድና በዚያው ልክ እንግዳ ነገርን እንደሚፈራ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ዕቃው ሰው ሊቀበለው እስከሚችልበት ጠርዝ ድረስ ብቻ አዲስ እንዲሆን ይመክራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ምክር ሳይሰማ የፈጸመ ይመስለኛል። ማገዶውን በሽቦ ተካው፤ ክቡን ቅርጽ፣ የሸክላውን ገጽ፣ የአክንባሎውን ሥራና በሰፌድ ማውጣቱን ግን አልነካም። እጅ ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረ የሚያፈስበት የቆየ ልምድ እንዳለ ይሠራል። አራት ማዕዘን ምጣድ ለመደርደሪያ ይመች ነበር፤ ገዢ ግን የሚያገኝ አይመስለኝም።

ዲዛይን ሰውን ለማታለልስ አይውልም?

ይውላል፤ ማስረጃውም በኪሳችን አለ። የስልክ ገጽ ወደ ታች በተሳበ ቁጥር ማለቂያ የሌለው አዲስ ነገር እንዲያመጣ የሚያደርገውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው አዛ ራስኪን በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት በየጊዜው ከሚመጣው ይልቅ ልማድን ያጸናል፤ ጣት ገጹን የምትስበውም ቀጥሎ የሚመጣው አስቂኝ ይሁን ተራ ስለማታውቅ ነው። ቡና በሦስተኛው ያበቃል፤ ስልኩ ግን በረካ የለውም።

በአንጻሩ ያው ሰውን የመምራት ኃይል ሕይወት ሲያድንም ታይቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 በወጣ ደንብ የፓራሲታሞል እሽግ በፋርማሲ ከ32፣ በሌላ ሱቅ ከ16 ፍሬ እንዳይበልጥ ተደረገ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ በነበሩት 11 ዓመታት በእንግሊዝና በዌልስ መድኃኒቱን ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው ሞት በ43 በመቶ ገደማ መቀነሱን ገምተዋል። መድኃኒቱ አልተከለከለም፤ እሽጉ ብቻ አነሰ፤ በአስጨናቂ ሰዓት ቤት ውስጥ የሚገኘው ፍሬም አብሮ አነሰ። እኔ ሁለቱን የምለይበት መጠየቂያ አንድ ነው፦ ተጠቃሚው ዕቃው ምን እያደረገው እንደሆነ ቢነገረው ያመሰግናል ወይስ ይቆጣል?

ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ለብቻው ዲዛይን ማውጣት ያስፈልጋል?

አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለእነርሱ ታስቦ የተሠራው ለሁሉም ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ወፍራም የላስቲክ እጀታ ያለው የአትክልት መላጫ መነሻው የአንዲት ሴት የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር፤ የገዙት ግን በአብዛኛው ጤነኞች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየከተማው ብረት ሠራተኞች የሠሩት በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያም ቧንቧውን በእጅ መንካት አስቀርቶልን ነበር፤ መርገጫውን ረግጦ መቆም ለማይችል ሰው ግን አልታሰበለትም። የሠራሁት እኔም ስለሆንኩ ወቀሳው ለራሴም ነው።

አነስተኛ ወርክሾፕ ያለው ሰው ከምን ይጀምር?

ከመለካት ይጀምር፤ ብረቱን ሳይሆን ሰውየውን። ቆሞ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛ ለቀላል የእጅ ሥራ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ይመቻል፤ ኃይል ለሚጠይቅ ሥራ ከዚያም በታች ይወርዳል። ደንበኛዋ ሊጥ የምታቦካበት ጠረጴዛ ካዘዘች፣ ቁመቱን ከካታሎግ ከመቅዳት ይልቅ እጇን አጥፋ እንድትቆም መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ዝም ብሎ ማየት ነው። ሰኞ ገበያ ወርዶ እህል የሚሰፍሩ፣ ሸቀጥ የሚያነሡና የሚጭኑ ሰዎችን አንድ ጠዋት የተመለከተ ሰው ማንም በቃል የማይነግረውን ያገኛል፤ ችግሩን የለመደ ሰው ችግር አድርጎ አይቆጥረውምና። ከዚያም ላሜራ ከመቁረጥ በፊት በካርቶን ሠርቶ ለአምስት ለስድስት ሰው መስጠት፣ ሲጠቀሙም አፍን ዘግቶ እጃቸውን መከተል ይገባል። ይህ የመጨረሻው ለእኔ እስከ ዛሬ ከባዱ ነው፤ «በዚያ አይደለም፣ በዚህ በኩል ያዢው» ማለት ይቀናኛል፤ ይህን ባልኩ ቁጥር ዕቃው ሊነግራት የሚገባውን እኔ እየነገርኳት ነው።

ጥሩ ዲዛይን ዋጋ አያስወድድም?

የሚያስወድድበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወጪው ከብረቱ ሳይሆን ከማሰቡ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከዓመታት በፊት የሠራሁላቸውን የብረት በርጩማ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጠንካራ ነው፤ ግን ሌሊት ስስበው ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ የልጅ ልጆቼን ይቀሰቅስብኛል» አሉኝ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ክብ ቆርጬ ከእግሮቹ ሥር አሰርኩላቸው፤ ገንዘብ አልተቀበልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ከወርክሾፓችን የሚወጣ በርጩማ ሁሉ ጎማ ተጫምቶ ይወጣል።